አያ ሞላ በአራት ደቂቃ ሙጃ የገቡ ዕለት

የኛ አገር ሰው ርቀት ተጠይቆ ልኩን ተናግሮ አያውቅም። ስለሺ፣ አዲስ አበባ ገብተህ ረስተኸው እንዳይሆን ላስታውስህ። ላስታ ውስጥ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ገበሬ፣ አባባ የምሄድበት ሩቅ ነው ወይ ብለህ ጠይቀው። አገጩን ወደ ማዶ ብድግ ያደርግና "እዚችው ናት" ይልሃል። አንተም እዚችው ናት ብለህ ትነሣለህ። አንዱን ገደል ትወርዳለህ፣ ሌላውን ትወጣለህ፣ ጫማህ አፉን ይከፍታል፣ ደግሞ ሌላ ሰው ታገኝና ትጠይቃለህ፤ እሱም "እዚችው ናት" ይልሃል። ይሄ ውሸት አይደለም። ሰውዬው ልብህን ሊያበረታ ነው። ስድስት ሰዓት ያስኬድሃል ቢልህ እዚያው ቁጭ ብለህ ታለቅሳለህ እንጂ ትሄዳለህ? እና አገራችን ማንም ማን የት እንዳለ በልኩ ሳያውቅ፣ ተከባብራ፣ በሰላም ስንት ዘመን ኖረች። ከዚያ አንተ ኮምፒውተር ተማርክ።

ተናድጄ ነው የማወራው፤ ይታወቅልኝ። በጽሑፍ ልልክልህ ነበር፤ ጣቴ ከንዴቴ እኩል አልሮጥ ስላለኝ ነው በድምፅ የመጣሁት። ረጅም ነው። ደሞ አፍጥነህ እንዳትሰማው፤ እኔ ራሴ አፍጥኜ ነው የማወራው።

ያን ፕሮግራም የላክልኝ ጊዜ ምን አልከኝ? "ደሳለኝ፣ ገና ሙከራ ላይ ነው። እዚህ ሜዳው ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ተራራና ገደል ባለበት አገር ሞክርልኝ" አላልክም? አልክ። እኔም ልቤ አበጠ። ላሊበላ መናኸሪያው ጋ ስልክ የሚጠግን ስንት ሰው አለ? አራት። ስልክ የሚገባው ስንት ነው? አንድ። እሱም አሁን እያናገረህ ነው። ሁለት ስልክ ላይ ጫን፣ አንዱ ሌላው የት እንዳለ ያያል፣ ሰው ካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይሄዳል አልከኝ። አንዱን የራሴ ላይ ጫንኩ፤ እኔ ቀይ ነጥብ ሆንኩ። ሰማያዊውን ማንን ላድርገው? ይሄውልህ፣ መከራዬ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

እናትነሽን ታውቃታለህ፤ ብልባላ ጤና ጣቢያ የምትሠራው። እኔና እሷ ከተስማማን ቆይተናል። የቀሩት አባቷ ናቸው። ጋሽ ፈንታው ንብ የሚያረቡ፣ ቃላቸውን እንደ ማር በጭልፋ የሚሰጡ ሰውዬ ናቸው። ሽማግሌ ላክሁ። ልምከርበት ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮው ሄዱ፤ ዘመድ ላማክር ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ሦስተኛው ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ፤ ያን ዕለት ቁርጡን እነግራችኋለሁ አሉ። ግን አንድ ነገር ጨመሩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ እንግዳ አለብኝ አሉ። ሌላው እንግዳ ማን እንደሆነ እናትነሽ በስልክ ነገረችኝ። ሙጃ የሚኖር አንድ ባለ አይሱዙ እሱም ሽማግሌ ልኳል። አባቷ ደሞ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ደጃፋቸውን ሁለተኛ አይረግጥም። ገባህ አይደል? የኔ ሽማግሌዎች ስድስት ሰዓት ላይ ካልተገኙ፣ እኔ ስልክ ስጠግን ልቀር ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ አሉ። ሱቁ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሰይድ አሉ፤ ወሎ አይደለን፣ ቄሱም ሙስሊሙም ካልቆመበት ሽምግልናው ጎደሎ ነው። ዋናው ተናጋሪ ግን የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ናቸው። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው ትልቅ ስልክ አላቸው፤ ከመደወል ሌላ የሚያዩበት ሰዓቱን ብቻ ነው። ይሄን ነገር ልጫንልዎት ስላቸው ምን ያደርግልኛል አሉ። ገደል ቢገቡ የት እንዳሉ ያሳያል አልኳቸው። "ገደል ከገባሁማ አሞራው ያሳይሃል" አሉኝ። ግን ሰጡኝ። እኔን ማየት ቢያምርዎት ይቺን ይንኩ ብዬ አንዷን ምልክት አስጠናኋቸው፤ ሰማያዊው እርስዎ፣ ቀዩ እኔ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ተነሡ። የኔ ሥራ ምንድን ነው? መቀመጥ። ሽማግሌ የላከ ልጅ በዚያን ቀን የልጅቷን ሰፈር አይረግጥም። መርገጥ ይቅርና ወደዚያ ዞሮ አያስነጥስም። ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ግን ካርታው ላይ ነው። ነጥቧ ቁልቁለቱን ወረደች፣ ተጠማዘዘች፣ ሄደች፣ ሄደች፣ አራት ሰዓት ሳይሆን ብልባላ ገባች። እሰይ አልኩ። አንተንም መረቅሁህ፤ እውነቴን ነው፣ ስለሺ ብሩክ ነው ብያለሁ።

ነጥቧ ግን ብልባላ አልቆመችም። ብልባላን ትታ ወጣች።

የት ነው የምትሄደው ትላለህ? ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ። ለካ ሽማግሌዎቹ በጊዜ ደርሰው፣ ለመሳለም የሚሄድ መኪና አግኝተው፣ መምሬ አድማሱ "እዚህ ድረስ መጥተን ሳንሳለም ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አንገባም" ብለዋል። ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ሰዓት ግን እኔ የማየው ነጥብ ነው። ነጥብ ደሞ ምክንያቱን አይናገርም። ተራራው ሥር ደረሰች፣ ቀስ እያለች ወጣች፣ ከዚያ ጠፋች። ደወልኩ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም አለችኝ ሴትዮዋ። ደግሜ ደወልኩ። ሴትዮዋ አልሰለቸችም፤ እኔ ሰለቸኋት። የአንዲቷን ደንበኛ ስክሪን አውጥቼ የሌላ ሰው ስልክ ላይ እየገጠምኩ ነው በዚህ መሀል።

ከዚያ ነጥቧ ብቅ አለች። የት? ሙጃ!

በአራት ደቂቃ። ከይምርሐነ ክርስቶስ ሙጃ፣ አቡነ ዮሴፍን የሚያህል ተራራ ተሻግረው፣ በአራት ደቂቃ! አያ ሞላ እኮ ከቤታቸው ደጃፍ እኔ ሱቅ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ የሚያርፉ ሰው ናቸው። ጤነኛ ሰው ቢሆን "እንዴት አድርገው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ የጠየቅሁት "ባለ አይሱዙው ምን አብልቷቸው ነው?" ብዬ ነው።

አሁን ልትስቅብኝ ነው። ቆይ። ያ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ እንደሆነ አላውቅም? አውቃለሁ። ሰማይ ያላየ ስልክ ሳተላይት እንደማያገኝ አላውቅም? እንጀራዬ ነው፣ አውቃለሁ። ስናደድ ግን የማውቀውን አላውቅም። በዚያ ላይ ጥፋቱ የማን ነው? ሰው የሚያውቀው ሲጠፋበት ዝም ይላል። የአንተ ፕሮግራም ሰማዩ ሲጠፋበት ዝም ይላል? አይልም። ከሩቅ የአንዱን የኔትወርክ ማማ ሽታ አሽትቶ፣ "አያ ሞላ ሙጃ ናቸው" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። እንደዚህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አንድ አለን፤ ስልክ ውስጥ አስገብተህ የላክልን ለምንድን ነው?

በቃ፣ ደሜ ፈላ። የገዛ አጎቴ! ሱቄን እንኳ በቅጡ ሳልዘጋ የጎረቤቴን ሞተር ሳይክል ተዋስኩና ነዳሁ። ያን የብልባላን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ከመንገዱ ይልቅ አቧራው ይበዛል። በየኩርባው ፍየል አለ፣ በየፍየሉ እረግማለሁ። ምን ልል እንደምሄድ አስቤዋለሁ ወይ ብትለኝ፣ በደንብ አስቤዋለሁ። ሽማግሌ ከካደኝ አፍ አለኝ፤ ራሴ እጠይቃለሁ። እንደኔ ሐሳብ ጋሽ ፈንታው በድፍረቴ ተደንቀው እዚያው ይመርቁኛል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስኩ። ሰውዬው ግቢያቸው ውስጥ ቁጭ ብለው አዲስ ቀፎ በእበት ይለቀልቃሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ሸሚዜ፣ ሁሉም አቧራ ነው። ዱቄት ነጋዴ የመጣ ሳይመስላቸው አልቀረም። ሰላም እንኳ አላልኩም፣ ስለሺ።

"ጋሽ ፈንታው፣ ሽማግሌዎቼን አይጠብቁ። ከድተውኛል። ይሄኔ ሙጃ ለዚያኛው ሰውዬ ነው የሚሸመግሉት። እኔው ራሴ ልጠይቅ መጣሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የንስሐ አባቴን፣ የእናቴን ወንድምና ምስኪኑን ጋሽ ሰይድን በአንድ ትንፋሽ ከሃዲ አደረግኋቸው። ጋሽ ፈንታው አልደነገጡም። ማን ነገረህ አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ነጥቧ ሱቅ ሆኜ እንዳየኋት ሙጃ ናት፣ ለካ ከዚያ ወዲህ አልታደሰችም። እጃቸውን በሣር ጠርገው ተቀበሉኝና ካርታውን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

"ይቺ ሰማያዊዋ ሞላ ናት?"

አዎ አልኳቸው።

"ከስቷል" አሉ።

ሌላ ነገር ሊሉኝ ነበር መሰለኝ፤ ከአጥሩ ወዲያ የሰው ድምፅ መጣ። የአያ ሞላ ሳል ነው። ያን ሳል ከሺ ሳል መሀል አውቀዋለሁ። ሙጃ የነበረው ሳል አጥር ጋ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አልተከፈተችም። ጋሽ ፈንታው ስልኬን መለሱልኝና ወደ ጓዳው ጠቆሙኝ። ግባ፣ ቃል እንዳይወጣህ አሉኝ። ገባሁ። ጓዳ ውስጥ ማን አለ? እናትነሽና እናቷ። እናትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እናትነሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እስካሁን ምልክቱ አለ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ቁጭ በሉ ተባሉ፤ የመጣንበትን ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ፤ እንደ ወጉ ቆሙ። ጋሽ ፈንታው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ቁርጡን ከመናገሬ በፊት እስቲ የልጁን ጠባይ እንደገና ንገሩኝ አሏቸው።

አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጃችን ትዕግሥተኛ ነው፣ የላስታ ዐለት ይነቃነቃል እንጂ እሱ አይነቃነቅም አሉ። መምሬ አድማሱ ቀጠሉ፤ የንስሐ አባቱ ነኝ፣ አንድ ቀን ተቆጣሁ ብሎ ወደኔ መጥቶ አያውቅም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሄጄ አላውቅም። ጋሽ ሰይድ ደሞ፣ ፊት ለፊቴ ነው የሚሠራው፣ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፣ ወላ... ሲሉ ሳል ያዛቸው። መሐላውን አልጨረሱትም። ደግ ሰው ናቸው፤ ለሰው ሲሉ ይዋሻሉ፣ በፈጣሪ ግን አይምሉም። እዚህ እናትነሽ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው። እያለቀሰች ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳያት ሳቅ ነው።

"ሽማግሌስ ያከብራል?" አሉ ጋሽ ፈንታው።

ከኛ ቃል ንቅንቅ አይልም አሉ አያ ሞላ።

"አሁን የት ነው?"

ሱቁ ነዋ፣ ሽማግሌ ልኮ ከደጁ የሚወጣ ልጅ አላሳደግንም አሉ። በዚህ ቢበቃቸው ምን ነበር? አልበቃቸውም፤ ኩራት መጣባቸው። "ቆይ ላሳይህ፣ ይሄ ስልክ የት እንዳለ ይናገራል" ብለው ኪሳቸው ገቡ። ያቺን ያስጠናኋቸውን ምልክት፣ ሌላ ጊዜ አሥር ጊዜ የምትጠፋቸውን፣ ያን ቀን በአንዴ አገኟት።

በጓዳው በር ስንጥቅ አያለሁ። አያ ሞላ ስልኩን አዘነበሉት፣ ገለበጡት፣ በጋቢያቸው ጠረጉት። መምሬ አድማሱ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሰማያዊዋና ቀይዋ አንዷ ባንዷ ላይ ተቀምጠዋል። ፕሮግራምህ ሲያስፈልገኝ ሙጃ ሄዶ ሲያስቀረኝ፣ አሁን እንዳይናገር በምጸልይበት ሰዓት ልክ መታ!

ያን ጊዜ አያ ሞላ ያሉትን እስክሞት አልረሳም።

"ይሄ ነገር አብዷል" አሉ። "ልጁ እዚህ ነው ይላል።"

ጋሽ ፈንታው "ኧረ አላበደም" አሉና ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ደሳለኝ ውጣ አሉኝ።

ወጣሁ። ያን አወጣጥ አትጠይቀኝ። ሦስቱም ግንባራቸው ላይ ወዝ አለ፣ መምሬና አያ ሞላ ደሞ የተቀቡት እምነት ገና አልደረቀም፤ አሁን ተሳልመው ነው የመጡት። የት እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ። መምሬ አድማሱ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ። ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት አዩ። አያ ሞላ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው፤ ዐለት ነው ያሉኝ አጎቴ። ከቀፎው አጠገብ ያለውን ድንጋይ ብድግ አደረግሁና ትከሻዬ ላይ ጭኜ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ድንጋዩ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነበር፤ ንዴት አይመርጥም፣ ጸጸትም አይመርጥም። ጋሽ ፈንታው ሙጃ ናቸው ያልኩትን ቃል አላወጡብኝም። ለዚህ ብቻ ዕድሜ ልኬን ባገለግላቸው አይበዛም።

መምሬን ከበር መለሷቸው። ከዚያ ቁርጡን ተናገሩ።

"ሦስት ቀጠሮ የሰጠሁት ጠባዩን ፍለጋ ነው። እናንተ ደበቃችሁብኝ፣ እሱ ራሱ ይዞት መጣ። እናትነሽ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እናትነሽ ከጓዳው በር ላይ ሆና ነው የመለሰችው።

"ቁጡ ነው አባዬ። ግን ሲቆጣ የሚሮጠው ወደኔ ነው።"

አልዋሽህም ስለሺ፣ አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጋሽ ፈንታው ሰጥቻለሁ አሉ፤ ሠርጉ በጥር ይሁን አሉ። የባለ አይሱዙው ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ሲመጡ ምሳ በልተው፣ ተመርቀው ተሸኙ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ብቻ የኔ ሽማግሌዎች ከመቀመጣቸው በፊት ጋሽ ፈንታው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ያቺ ቀይ ነጥብ የኔም ስልክ ላይ ትግባ፣ እስከ ጥር ድረስ የት እንደሚውል ልየው አሉ። ማን እምቢ ይላል? በገዛ እጄ ጫንኩላቸው። ካርታውን ማስፋትና ማጥበብ ሳይቀር አስተማርኳቸው፤ እኔ ሥራ ላይ አላሾፍም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ዛሬ ለምን እንደተናደድኩ ይሄን ሁሉ ሰምተህ ያወቅህ መስሎህ ይሆናል። አላወቅህም። በዚያስ ታርቄህ ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ ስዘጋ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሁለት ድራፍት እንላለን፤ ሰው ነን። ድራፍት ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች፣ ዐለቱ ሥር ነው። ዐለቱ ሰማዩን ስለሚከልለው ፕሮግራምህ ይሳሳትና ነጥቤን ወደ ላይ ወርውሮ ቤተ ክርስቲያኑ መሀል ያስቀምጣታል። ጋሽ ፈንታው በየማታው ያያሉ። ሙሽራው በየማታው ሠርክ ጸሎት ላይ ነው! መጀመሪያ ለባለቤታቸው ነገሩ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት። ብልባላ ውስጥ ዲያቆኑ ይሉኛል አሉ። አንድ እንስራ ነጭ ማር ላኩልኝ፤ ለጸሎትህ ብርታት ብለው። እኔ ዋሽቻለሁ? አንድ ቃል አልዋሸሁም። የት ነህ ብሎ ያልጠየቀኝን ሰው ምን ብዬ ልመልስለት? እንዲህ ሆኜ፣ ተመስገን ብዬ፣ ተከብሬ ስኖር፣ ትናንት ማታ ምን ላክህ? አዲሱ ሥሪት ወጥቷል፣ በየስልካችሁ በራሱ ገብቷል፣ የተራራው ስህተት ተስተካክሏል፣ ከእንግዲህ በእርምጃ ልክ ነው። መጨረሻው ላይ የአበባ ሥዕልም አድርገህበታል።

ማን አዘዘህ? አስተካክልልኝ ብዬ ለምኜሃለሁ?

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ፈንታው ደወሉ። አይቆጡም እኮ እሳቸው፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰላም አደርክ አሉኝ፣ ሥራ እንዴት ነው አሉኝ፣ የማሩን ጣዕም ጠየቁኝ። ከዚያ፣ "ደሳለኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ድራፍት ቤት የገባው መቼ ነው?" አሉኝ። አስከትለውም፣ እሑድ እመጣና ሠርክ አብረን እንሳለማለን፣ መንገዱን ስልኬ ይመራኛል ብለው ዘጉት።

ዛሬ ሐሙስ ነው ስለሺ። ጎበዝ ነህ፤ ፕሮግራምህ በላስታ ተራራ ላይ አንድ እርምጃ አይስትም፤ ሙከራው በደንብ ተሳክቷል፤ እንኳን ደስ ያለህ። በል አሁን እስከ እሑድ አበላሽልኝ።